ቤይሩት በየት በኩል ናት?

(አራት ኪሎ አካባቢ ለአንድ የንባብ ክበብ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ፤ ለአንባቢ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡናችሁን ትታችሁ ስለ አቅጣጫ ለመስማት መምጣታችሁ አንጀቴን አርሶታል።

ወደ ጉዳዩ ሳልገባ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እስቲ ቤይሩት ያለችበትን አቅጣጫ በእጃችሁ አሳዩኝ። ቶሎ፣ ሳታስቡ። ስልክ ማየት አይፈቀድም።

እንደጠበቅሁት ነው። አብዛኛው እጅ ወደ መገናኛ ዞሯል፤ ማለትም ወደ ምሥራቅ። አንዳንዶቻችሁ ወደ ቦሌ ጠቁማችኋል። አልፈርድባችሁም፤ ሰው ቤይሩት የሚሄደው በቦሌ ነው። ወደ እንጦጦ የጠቆመ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት።

ልክ የሆነው እሱ ነው። ቤይሩት ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ ያውም ከቀጥታው ሰሜን ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ። አዲስ አበባ ያለችው በ38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ቤይሩት 35.5 ላይ ናት። ኢየሩሳሌም 35.2፣ ደማስቆ 36.3፣ አማን 35.9፣ ካይሮ ደግሞ 31.2። አምስቱም "መካከለኛው ምሥራቅ" ውስጥ ይቆጠራሉ። አምስቱም ከእኛ ወደ ምዕራብ ያሉ ከተሞች ናቸው።

መርካቶ አንዋር መስጊድ የሚሰግድ ሰው ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ሰሜን ዞሮ ይሰግዳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ዜና ሲከፍት ግን መካ ያለችበት አገር "ምሥራቅ" ሆኖ ይጠብቀዋል።

እኔ ሥራዬ ዜና ማረም ነው። እነዚህ ስሞች በየቀኑ በእጄ ያልፋሉ። ሰሜን እንትን፣ ምሥራቅ እንትን የሚል ስም ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ይህን ስም ያወጣው ሰው የት ቆሞ ነው ያወጣው? መልሱ ብዙ ጊዜ ስለ ቦታው ከሚነግረኝ ይልቅ ስለ ሰውዬው የሚነግረኝ ይበልጣል። ዛሬ የማወራችሁም ይህንኑ ነው።

"መካከለኛው ምሥራቅ" የወጣው ለንደን ላይ ተቁሞ ነው። ስሙን ያስፋፋው አልፍሬድ ታየር ማሃን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ስለ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ በጻፈው ጽሑፍ። ጽሑፉ የወጣው ለንደን በሚታተም መጽሔት ነው። ቫለንታይን ቺሮል የተባለው የታይምስ ጋዜጣ ሰው ወዲያው ተቀበለውና ተከታታይ ጽሑፍ ጻፈበት። በዚያን ጊዜ ቻይናና ጃፓን "ሩቅ ምሥራቅ" ነበሩ። የኦቶማን ቱርክ ግዛት ደግሞ "ቅርብ ምሥራቅ" ይባል ነበር። ስም ያልነበረው መሃሉ ነው። የማን መሃል? ከለንደን ወደ ህንድ የሚያይ ሰው መሃል።

አውስትራሊያኖች በዚህ ነገር ቀድመው ነቅተዋል። ሮበርት ሜንዚስ እ.ኤ.አ. በ1939 ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሆኑ በሬዲዮ ለሕዝባቸው ንግግር አደረጉ። ታላቋ ብሪታንያ ሩቅ ምሥራቅ የምትለው ለእኛ ቅርብ ሰሜን ነው አሏቸው። ሰውዬው ለእንግሊዝ ዘውድ ፍጹም ታማኝ ነበሩ። ግን ጃፓን የምትመጣው ከየት በኩል እንደሆነ በደንብ ያውቁ ነበር።

እኛስ? እኛ ራሳችን አንድ ሰሞን በእንግሊዞች ወረቀት መካከለኛው ምሥራቅ ሆነን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካይሮ የተቀመጠው የእንግሊዝ ጦር "የመካከለኛው ምሥራቅ ዕዝ" ይባል ነበር፤ አዛዡም ጄኔራል ዌቭል ነበሩ። ጣሊያንን ለመውጋት ከሱዳን የገባው የጄኔራል ፕላት ጦርም፣ ከኬንያ የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦርም ተጠሪነታቸው ለዚያ ዕዝ ነበር። በኋላ ምሥራቅ አፍሪካ ራሱን የቻለ ዕዝ ሆነ። ስትወጡ እዚህ አደባባዩ ላይ ያለውን የሚያዝያ 27 ሐውልት ታዩታላችሁ። ጃንሆይ በ1933 አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ያን ዕለት ይህች ከተማ በካይሮ መኮንኖች ካርታ ላይ የመካከለኛው ምሥራቅ ዕዝ የጦር ቀጣና ነበረች። አንድም አዲስ አበቤ ይህን የሰማ አይመስለኝም።

ነጮቹን ብቻ እያማን እንዳንመስል ወደ ቤታችን እንግባ። ለእኔ ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ነው።

አዜብ የምትባል እህት እዚህ መሃል ካለች ይቅርታ እየጠየቅሁ በስሟ ልጀምር። ንግሥተ ሳባን "ንግሥተ አዜብ" እንላታለን። የደቡብ ንግሥት ማለት ነው፤ በማቴዎስም በሉቃስም ወንጌል የተጠራችው እንደዚያ ነው። እንግዲህ ማንም በገዛ ቤቱ ደቡብ አይሆንም። አክሱም ላይ የተቀመጠች ንግሥት ለራሷ የመሃል ንግሥት ናት። ደቡብ የምትሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ለቆመ ሰው ነው። እኛ ግን በሌላ ሰው መስኮት የታየችውን ንግሥት ወስደን በኩራት የራሳችን ስም አደረግነው። ቅር አይለኝም፤ ስሙ ያምራል። ብቻ መስኮቱ የማን እንደነበር ማወቅ ደስ ይላል።

ሁለተኛው የሰሜን ተራሮች ነው። ይሄኛው ሲተረክ ሁሌም ይገርመኛል። አዱሊስ ላይ አንድ የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ነበር፤ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦት ነው የተረፈው። በዚያ ጽሑፍ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከወንዝ ማዶ፣ በረዶ ባለበት አስቸጋሪ ተራራ የሚኖሩ "ሰሜናይ" የተባሉ ሰዎችን መውጋቱን ይናገራል። ከአክሱም ተነሥታችሁ ተከዜን ስትሻገሩ የምታገኙት ተራራ ነው። ካርታውን አስቡት። የሰሜን ተራሮች ከአክሱም በስተደቡብ ናቸው!

ታዲያ ለምን ሰሜን ተባሉ? የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ያብራሩታል። በጥንቱ ግእዝ የቃሉ ፍቺ ደቡብ ነበር ይላሉ። ለአክሱም ሰው ተራራው ደቡብ ነበር፤ ስሙም ልክ ነበር። ከዚያ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ ወረደ። ወደ ላስታ ሄደ፣ ወደ ሸዋ ሄደ፣ በ1600ዎቹ ጎንደር ላይ ረጋ። ከጎንደር ሲታይ ተራራው ወደ ላይ ቀረ። ስሙ ከተራራው ጋር ተጣብቆ ስለነበር የዞረው ፍቺው ሆነ። ተራራው ባለበት ቁጭ ብሎ፣ የቤተ መንግሥቱ መንከራተት የቃሉን ትርጉም ገለበጠው። ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ከየትም አገር አላገኘሁም።

ሸዋ ላይ ያው ታሪክ በትንሹ ተደግሟል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ አንኮበር ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የገዙት ከአንኮበርና ከአንጎለላ ነው። በእሳቸው ዘመን ሸዋ ማለት መሃሉ እዚያ ነው። ከዚያ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ወጡ፤ በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ዛሬ አንኮበር የት ናት? ሰሜን ሸዋ። የድሮው መሃል ዳር ሆነ። ዙሪያውን ደግሞ ተመልከቱት፤ አምቦ ምዕራብ ሸዋ፣ አዳማ ምሥራቅ ሸዋ፣ ወሊሶ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ። ሁሉም የተለኩት ከዚህች ከተማ ነው፤ ከተማዋ ግን የአንዳቸውም አካል አይደለችም።

ይባስ ብሎ ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ነው፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ሰሜን ስለሆኑ ማንም ስሙን ለሌላው አይለቅም። ዜና ክፍል ውስጥ ይህ በየሳምንቱ ራስ ምታት ነው። ዘጋቢው ይደውላል። "ሰሜን ሸዋ ነኝ፣ መንገድ ተዘግቷል" ይላል። "የትኛው? ደብረ ብርሃን ነህ ፍቼ?" እላለሁ። መስመሩ ይቆራረጣል። አንዱ በደሴ መንገድ ነው፣ አንዱ በጎጃም መንገድ። መንገዱን ካላወቅሁ ዜናው ዋጋ የለውም።

ደሴም ያስቀኛል። የወሎ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ የወሎ እምብርት። አሁን ደቡብ ወሎ ናት።

አሁን ትንሽ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር፤ ነገሩ ፖለቲካ ይነካል። "ደቡብ" የሚለውን ስም አስቡት። ደቡብ ክልል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ "የደቡብ ልጅ ነው" ስንል ኮምፓስ አይተን አልነበረም። ከሆሳዕና የመጣ የደቡብ ልጅ ነው። ከሞያሌ ወይም ከያቤሎ የመጣ ቦረና ግን፣ ከሆሳዕና በብዙ ወደ ደቡብ ርቆ እያለ፣ የደቡብ ልጅ አይባልም ነበር። አቅጣጫው የክልል መጠሪያ ሆኖ ስለነበር ቦታ መጠቆሙን ረስቶታል።

ከዚያ ክልሉ ተከፋፈለ። መጀመሪያ ሲዳማ በ2012 ወጣ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ተባለ፤ ቦንጋ፣ ሚዛን፣ እነዚያ አካባቢዎች። በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ የቀረው ለሁለት ሆነ። ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ያሉበት ደቡብ ኢትዮጵያ ተባለ። ሆሳዕና፣ ወልቂጤ፣ ወራቤ፣ ቡታጅራ ያሉበት ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። ወልቂጤ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ደቡብ ሆኖ ተኝቶ ማዕከል ሆኖ ነቃ። ሱቁ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ስሙ ያስቃል የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልስቅም። አገሪቱ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ትዘረጋለች፤ መሃሉ 9 አካባቢ ነው። ወልቂጤ 8.3 ላይ ናት። ከኮምፓስ አንጻር "ማዕከላዊ" የሚለው ስም "ደቡብ" ከሚለው ይልቅ ለልክ ይቀርባል።

"የሰሜኑ ጦርነት" የምንለውም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠን ያወጣነው ስም ነው። መቀሌ ወይም ወልዲያ የነበረ ሰው ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ሰፈሩ ነው።

አሁን ከአራት ኪሎ ቁልቁል እንውረድ። ይህች ከተማ የዓለም አቀፍ ድርጅት መናኸሪያ ናት፤ እያንዳንዱ ድርጅት ደግሞ የራሱ ካርታ አለው። ሱዳንን ውሰዱ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ኢሲኤ የምንለው፣ ሱዳንን ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ይቆጥራታል። ከዚያ ወጥታችሁ በለገሃር፣ በሜክሲኮ አድርጋችሁ አፍሪካ ኅብረት ግቡ። እዚያ ሱዳን ምሥራቅ አፍሪካ ናት። በአንድ ሚኒባስ ጉዞ አገር አቅጣጫ ይቀይራል። ለዓለም ባንክ ከሰሃራ በታች ናት። ለዓለም ጤና ድርጅት "ምሥራቅ ሜዲትራንያን" ናት። ቤይሩት የሚገኝ ሌላ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ደግሞ አለ፤ የምዕራብ እስያ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ኮሚሽን። ሱዳን እዚያም አባል ናት። ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ በታች፣ ሜዲትራንያን፣ እስያ። ካርቱም ግን አንድ ናት።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ። ቶጎ ውጫሌን አስቡት። ከጅግጅጋ አለፍ ብላ ያለች የድንበር ከተማ ናት፤ ድንበሩ መሃል ለመሃል ይሰነጥቃታል። ፍየሉም ሻዩም ኮንትሮባንዱም ወዲያና ወዲህ ይላል። በዚህ በኩል ያለ ሕፃን ኩፍኝ ቢይዘው ጉዳዩ በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር የሚሄደው ወደ አፍሪካ ቢሮው ነው፤ ቢሮው ብራዛቪል፣ ኮንጎ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሕፃን ቢታመም ግን ጉዳዩ ካይሮ ወዳለው የምሥራቅ ሜዲትራንያን ቢሮ ይሄዳል፤ ሶማሊያ የዚያ አባል ስለሆነች። ሁለቱ ሕፃናት አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ሊጫወቱ ይችላሉ። በሽታው ደግሞ ቢሮ አይጠይቅም። ስለዚህ ድንበር ላይ ክትባት ሲዘመት ሁለት ቀጣናዎች መነጋገር አለባቸው። በዚሁ ቢሮ ሞሮኮም አለች፤ ሜዲትራንያን በምዕራብ ጫፉ የሚያበቃባት አገር።

ሌሎቹን በሩጫ ልለፋቸው። በዓለም ባንክ አከፋፈል ጅቡቲ ከመካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ ጋር ናት፤ ስለዚህ ከለቡ ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ የወረደ ነጋዴ መካከለኛው ምሥራቅ ገብቷል። ኮሜሳ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ ገበያ ነው፤ ቱኒዚያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አባል ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2022 ዲሞክራቲክ ኮንጎን ሲቀበል አትላንቲክ ውቅያኖስ ደረሰ። ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ምሥራቅ ከሆነ ነገር ውስጥ እኛ ቀርተን አትላንቲክ ገብቷል ማለት ነው።

"ከሰሃራ በታች" የሚለው ላይ ግን ትንሽ ቆም ልበል፤ ዘወትር ስለምጽፈው። በታች የተባልነው ካርታ ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚሰቀል ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን "በታች" እንባላለን። ካርታ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አል ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 ለሲሲሊ ንጉሥ የሠራው ካርታ ደቡብን ወደ ላይ ያደረገ ነው። እዚያ ሐበሻ ከግብፅ በላይ ትታያለች። ዓባይም በዚያ ካርታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዝ እንደሚያደርገው። በእኛ የክፍል ካርታ ግን ወደ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ልጅ "ውኃ እንዴት ዳገት ይወጣል?" ብሎ ቢጠይቅ ልጁ ትክክል ነው። ግብፆች ደቡባዊ ክፍላቸውን "ላይኛው ግብፅ" የሚሉት ወንዙን ተከትለው ነው። በህዳሴ ግድብ ድርድር "የታችኛው ተፋሰስ አገራት" የሚባሉትም ሰቅለን በምናየው ካርታ ከእኛ በላይ ያሉት ሱዳንና ግብፅ ናቸው።

የአዲስ አበባ ሰው በዚህ በኩል ከአል ኢድሪሲም ይብሳል፤ ሰሜን ደቡብ አያውቅም። "ወደ ላይ ነህ ወደ ታች?" ነው የሚባለው። ላይ ማለት ወደ እንጦጦ ነው፣ ታች ማለት ወደ ቃሊቲ። መሬቱ ራሱ ስለሚያዘነብል ማንም አይሳሳትም። የኮምፓስ ስም ያላቸው ሰፈሮች ስሙ የተጣበቀባቸው ከተማዋ ትንሽ በነበረች ጊዜ ነው። ሰሜን ማዘጋጃ ዛሬ ከከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ በጣም ወደ ውስጥ ነው። መርካቶ ያለው ምዕራብ ሆቴልም፣ ምዕራቡ ከተማ ዓለም ባንክ ሰፈር ደርሶ እያለ፣ አሁንም ምዕራብ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ የመንስ ለምን ተረሳች?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሮ የቆመ ሰው ቀኙ ደቡብ ነው፤ ግራው ሰሜን። የዓረብ ሰው መካ ላይ ሆኖ በቀኙ ያለውን የመን አለው፣ በግራው ያለውን ሻም፤ ደማስቆ ማለት ነው። ለእሱ የደቡብ አገር የሆነው የመን ለእኛ ሰሜን ምሥራቅ ነው። አባት ፈገግ አሉ። "ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስቆም ቀኜ ሴቶች የሚቆሙበት የደቡቡ ወገን ነው፤ እሱን ነው ያስታወስከኝ" አሉ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። "እና መካከለኛው ምሥራቅን ምን ብለን እንጥራው?" አለችኝ።

ህንድ "ምዕራብ እስያ" ትለዋለች፤ ለዴልሂ ምሥራቅ አይደለምና። የተባበሩት መንግሥታት ስታቲስቲክስ ክፍልም ምዕራብ እስያ ይላል። ግን በእሱ አከፋፈል ግብፅ ሰሜን አፍሪካ ነው፣ ኢራን ደቡብ እስያ፣ ጆርጂያና አርሜኒያ ደግሞ ይጨመራሉ። የእኛ ሰው "ዓረብ አገር" ይላል። እህቱ ጅዳ ወይም ቤይሩት ለሄደችበት ሰው ይበቃዋል። ቱርክንና ኢራንን ግን አይዝም። እኔ ስሠራ ዘጋቢው "በመካከለኛው ምሥራቅ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን" ብሎ ሲልክልኝ መልሼ እደውላለሁ። ሊባኖስ ከሆነ ሊባኖስ ይጻፍ። ሊባኖስ፣ ኩዌትና ሳዑዲ ከሆነ ሦስቱም ይጻፉ፤ ቦታ አይፈጅም። አሥራ አምስት አገር ሲሆንብኝ ግን የማሃንን ስም ጽፌ አልፋለሁ። አንባቢዬ ስሙን ለምዶታል፤ ገጹም ጠባብ ነው።